ከጋሽ ማሩ ኮፍያ ስለወጣው ላፕቶፕ

ሰኔ 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አስናቀ
የማለዳ ጤዛ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ንፋስ መውጫ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ ነገር ሁሉ በአደባባይ ማመስገንን ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የንፋስ መውጫ ሰኔ ብርዱን አስከትሎ በገባበት በዚህ ሰሞን ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ያንን መሰኪያ በግድ ሊያስገቡ ሲታገሉ የተጎዳው የቀኝ አውራ ጣትዎ እንዴት እንደሆነ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ያሳደጉኝ ሰዎች ይታዘቡኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቅናት በቀር ምንም ሕመም የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ በርዎን አንኳኩቼ በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ እርስዎ ባለፈው ሐሙስ የምስጋና ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለለጠፉ፣ በዚህ ቤት ምስጋና የሚቀርበው በሰሌዳ መሆኑን ተምሬ እኔም የእኔን ከእርስዎ ወረቀት ጎን ለጥፌዋለሁ። ቁመቱ ከእርስዎ ስለበለጠ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለጉዳይ መጥቶ ይህን የሚያነብ እንግዳ ቢኖር፣ ደምሌ አለሙ እባላለሁ፤ የዩኒየኑ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምርጥ ዘር የሚረከቡ ገበሬዎችን ስም በኮምፒውተር የምጽፈው፣ የማትመውና በዚህ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ስሙ ታትሞ ያልወጣ ገበሬ ከመጋዘናችን አንዲት ጣሳ ገብስ አያወጣም፤ መመሪያው የእርስዎ ነው፣ ፊርማዎም አለበት። ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ጠዋት ከፍቼው ወጥቼ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ከሁለት ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጬ ስመለስ ገና በመከፈት ላይ በነበረ ኮምፒውተር ነው። አንድም ቀን አላማረርኩም። እሺ፣ አንዳንድ ቀን አማርሬያለሁ።

አምና በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት፣ በአዳራሹ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው አዲስ ላፕቶፕ ሲመጣ የደምሌ ነው ብለዋል። እኔም ሞኙ አመንኩ። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ባለቤቴ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤታችንም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ባለላፕቶፑ» እያለ ይጠራኝ ጀመር። ዛሬም እንደዚያው ይጠራኛል፣ አሁን ግን እየሳቀ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ዕጣው አመሰግናለሁ። ግንቦት 22 ቀን ላፕቶፑ ከረጂው ድርጅት መጥቶ ካርቶኑ ሲከፈት፣ እርስዎ ለማንም እንዳይከፋ በማለት ዕጣ ይጣል ብለው አዘዙ። ዕጣ የአገራችን ወግ ነው፤ መሬት ስንካፈል፣ ቅርጫ ስናርድ ዕጣ እንጥላለን፣ ዕጣው ከወጣ በኋላም ማንም አፉን አይከፍትም። ነገር ግን በቅርጫ እንኳ ከሥጋውም፣ ከጉበቱም፣ ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ ይደርሳል። እርስዎ ግን ላፕቶፑን አንድ መደብ፣ ቻርጀሩን አንድ መደብ፣ ማውሱን አንድ መደብ፣ ቦርሳውን አንድ መደብ አደረጉት፤ እኛ አምስት ስለሆንን ቁጥሩ ሲጎድል ደግሞ ከአሮጌው ኮምፒውተሬ ጋር ስምንት ዓመት የኖረውን ሀብ አምስተኛ መደብ አድርገው ጨመሩት። የዕቃዎቹ ስም የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ተጠቅልለው በዘበኛችን በጋሽ ማሩ ኮፍያ ውስጥ ገቡ። ቦርሳው ለራሳቸው ለጋሽ ማሩ፣ ማውሱ ለሾፌራችን፣ ቻርጀሩ ለመጋዘን ኃላፊዋ ለወይዘሮ ዘነበች፣ ላፕቶፑ ከመጣች ስምንት ወር ላልሞላት ወጣት ባለሙያ ለወይዘሪት ሰርካለም፣ ሀቡ ለእኔ ደረሰ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዕጣዎች እንዴት እንደወጡ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፤ አዲስና አሮጌን ለማስታረቅ ስላደረጉት ተጋድሎ አመሰግናለሁ። ሀብ የሚባለው፣ ለማያውቁት፣ ፕሪንተሩም ኪቦርዱም ፍላሹም ሁሉም የሚሰካበት ባለ ሰባት አፍ ማከፋፈያ ነው፤ እሱ ራሱ ደግሞ በአንዲት ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል። የዚህች ገመድ ጫፍ እንደ ድሮው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። የአዲሱ ላፕቶፕ ቀዳዳዎች ግን ሁለት ብቻ፣ እነሱም ምስር የምታህል ጠባብ አፍ ያላቸው ናቸው። ሰርካለም ይህን በትሕትና ብታስረዳዎ፣ እርስዎ መሰኪያ መሰኪያ ነው ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እጅጌዎን ሰበሰቡ፣ ጉልበትዎንም ተጠቀሙ። ጣትዎ የተጎዳው ያኔ ነው። በዚህም ሳይበቃዎት በገበያ ቀን ሬዲዮ የሚጠግነው ሰው ተጠርቶ ቀዳዳውን በጋለ ብረት እንዲያሰፋው ሲያዙ፣ ልጅቷ ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። እውነቱን ልናገር? እኔ በልቤ ብረቱ ይግባበት እያልኩ ነበር።

ሦስተኛ፤ ንብረትን ስለመጠበቅዎ አመሰግናለሁ። ዕጣው በወጣ ማግሥት ለእያንዳንዳችን ሞዴል 22 የሚባለው የንብረት መረከቢያ ቅጽ ተቆረጠልን፤ የተረከብነው ዕቃ ከየክፍላችን ደጃፍ እንዳይወጣም በደብዳቤ ታዘዝን። ስለዚህ ላፕቶፑ በሰርካለም ክፍል፣ ሀቡና ፕሪንተሩ በእኔ ክፍል፣ ቻርጀሩ ግቢውን ተሻግሮ በወይዘሮ ዘነበች መጋዘን፣ ማውሱ በመኪናው ኪስ ውስጥ ሆኑ። ባትሪው ሲያልቅ ሰርካለም በልዩ ፈቃድዎ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ መጋዘን ትወርዳለች፤ ወይዘሮ ዘነበች በማዳበሪያ ጆንያዎች መካከል ቦታ ያመቻቹላታል፤ ሞልቶ እስኪነሣ አብረው ቁጭ ይላሉ። ጋሽ ማሩ ባዶውን ቦርሳ ትከሻቸው ላይ አንግተው ግቢውን ይጠብቃሉ። ምሳቸውን ይዘውበት ሲመጡም ቦርሳ ያለ አግባብ ስለመጠቀም የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋቸዋል።

አሮጌው ኮምፒውተሬ ደግሞ ምትክ መጣለት ተብሎ በዚያው ቀን ተነቅሎ ታሸገ፤ የዘር ዝርዝሩ በሰርካለም እጅ እንደገና ተተይቦ ወደ ላፕቶፑ ተዛወረ። ከተማ ወጥቶ በፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም የዩኒየኑን ምስጢር ማውጣት ነው ብለው ከለከሉ። በእጅ የተጻፈ ዝርዝር አይጸናም። እኔም ጠዋት እገባለሁ፤ ሀቡን ከግድግዳው ሶኬት ላይ እሰካለሁ፤ አረንጓዴ መብራቱ ቦግ ይላል፤ ከዚያ እስከ ማታ እንተያያለን።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ለጊዜው ላቁመውና ስለ ቅናቴ ልናገር፣ ሌላ ሰው ከሚያወራልኝ። የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ በሰው ሚስት ቀንቼ አላውቅም፣ በሰው በሬ ቀንቼ አላውቅም፤ በዚያ ላፕቶፕ ግን አንጀቴ አረረ። ወደ መጋዘን የምሄድ መስዬ በሰርካለም ደጃፍ በቀን ስድስት ጊዜ አልፋለሁ። ክዳኑን በአንድ ጣት ታነሣዋለች፤ ሳይፈራ ሳይቸር ወዲያው ይበራል፤ ፊደሎቹ ከሥራቸው መብራት አላቸው። መብራት! እኔ «ሠ»ዬ ተፍቃ በግምት የምጽፍ ሰው ነኝ። የሚከፋው ደግሞ ልጅቷ ክፉ አለመሆኗ ነው። «ጋሼ ደምሌ» ብላ ከመቀመጫዋ ትነሣለች፤ ግቡና እስቲ እርስዎም ሞክሩት ትለኛለች። እኔም የሥራ ብዛቴን አመካኝቼ ተመልሼ ከሀቤ ጋር እፋጠጣለሁ። ትንሽ ብትታበይልኝ ምን ነበረበት? በደንብ በጠላኋትና በተገላገልኩ።

አሁን ወደ ዕጣው ልመለስ። ሦስቱ አንሥተው በኮፍያው ውስጥ ሁለት ብቻ ቀሩ፣ የእኔና የሰርካለም። ልጅቷ ታላቅ ይቅደም አለች። እጄን ሰድጄ አንዱን ያዝኩ፤ ይዤ ሳለሁ ልቤ ይሄ አይደለም አለኝ፤ መለስኩትና ሌላውን አወጣሁ። ጋሽ ማሩ ምስክር ናቸው፤ የመለስኩት ላፕቶፑ ነበር። ወይ ነዶ! በእርስዎ ላይ የተቆጣሁትን ያህል በዚህች እጄ ላይ ተቆጥቻለሁ፤ ማታ ማታ እራት ስበላባት እንኳ አፍራታለሁ። እርስዎን ግን ከዚህ ነጻ አላወጣዎትም፤ የሰጡትን ቃል ኮፍያ ውስጥ የከተቱት እጄ አይደለችም።

ከዚህ የባሰም አለና ልናዘዝ። ረጂው ድርጅት ስለ ላፕቶፑ ዓይነት የጻፈው ደብዳቤ በመጋቢት ወር ሲገባ መዝግቤ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ለስብሰባ ደብረ ታቦር በሄድኩ ጊዜ አንድ የሞባይል ዕቃ ሻጭ ዘንድ ገብቼ ዓይነቱን ብነግረው፣ የአዲሱ አፍ ጠባብ ስለሆነ ያለ ኦቲጂ ከአሮጌ ሀብ ጋር አይገናኝም አለኝ። ኦቲጂ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ናት፤ ባንድ በኩል ጠባብ፣ በሌላው በኩል ሰፊ። ከኪሴ ገዛኋት። ላፕቶፑ የእኔ መሆኑን ቅንጣት ሳልጠራጠር፣ ሙሽራዋ ሳትመጣ ቀለበቱን እንደገዛ ሰው ሆኜ ይዣት ዞርኩ። ዕጣው ሲወጣም፣ እርስዎ በመሰኪያው ሲታገሉም፣ የጋለ ብረት ሲታዘዝም ኦቲጂዋ በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበረች። በኋላ በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት። አሥራ ስድስት ቀን። በገዛሁት ዕቃ ሌላ ሰው ሲያምርበት ከማይ ሁሉም ነገር እንደቆመ ይቅር አልኩ።

በነዚያ አሥራ ስድስት ቀናት ዝናቡ ገብቶ ነበር። ገበሬው ማሳውን አለስልሶ፣ ዘር ብቻ ቀርቶት፣ በየገበያው ቀን እየመጣ በዚህ ሰሌዳ ፊት ይቆምና ባዶውን አይቶ ይመለስ ነበር። ከጨጨሆ ማዶ የሚመጡት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በሦስተኛው፣ አርብ ሰኔ 8 ቀን፣ ዝናብ አርሷቸው ክፍሌ ገብተው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ጨምቀው አረንጓዴውን መብራት አዩና ታዲያ ይሄ በርቶ የለ ወይ፣ ምን ጎደለው ብለው ጠየቁኝ። የላፕቶፑን ነገር፣ የአፉን ጥበት፣ የመገናኛውን መጥፋት አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አዘኑልኝ። «አይ ልጄ፣ አንተም ተቸግረህ ኖሯል፤ እግዜር ያቃናልህ» ብለው መረቁኝ። መሪጌታ ምርቃታቸውን ሳያሳጥሩ፣ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ የእጄን ሥራ እያነሱ ሲመርቁኝ ጉልበቴ የመሳቢያውን መያዣ ነክቶ ነበር። እስከ አሜን ድረስ መቆየት አቃተኝ።

ሀቡን ነቅዬ፣ ፕሪንተሩን ታቅፌ፣ ሞዴል 22ን በጠራራ ፀሐይ ጥሼ ሰርካለም ክፍል ገባሁ። ጠራራ ያልኩት ለአባባሉ ነው እንጂ ዝናብ ነበር። ኦቲጂዋን ከጠባቡ አፍ ላይ ብሰካት ቀጭ ብላ ገባች፤ የሀቡን ገመድ ከኦቲጂዋ ላይ ሰካሁት፤ ያ ስምንት ዓመት ያገለገለ አሮጌ ሀብ አዲሱን ላፕቶፕ ባንዴ ለመደው። ፕሪንተሩ አጉረመረመና ጀመረ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም። መሪጌታ ስማቸውን ወረቀቱ ሳይበርድ አነበቡት፣ ከመጋዘንም ዘራቸውን አስጭነው ሄዱ። ሰርካለም ይህቺን ከየት አመጧት ብላ ብትጠይቀኝ ዓይኗን ሳላይ ድሮም የእኔው ናት አልኳት። መቼ እንደገዛኋት አልጠየቀችኝም። የገባት ይመስለኛል።

አራተኛና የመጨረሻው፤ ስለ ምስጋና ወረቀትዎ አመሰግናለሁ። ሰኔ 14 ቀን የለጠፉት ይኸው አጠገቤ አለ፤ አንባቢ ዓይኑን ወደ ግራ ቢያዞር ያገኘዋል። በማኅተም የተረጋገጠው ይህ ወረቀት፣ የተከሰተው የቴክኖሎጂ ክፍተት በወጣት ባለሙያዋ ከፍተኛ ብቃትና በሥራ አስኪያጁ ቆራጥ አመራር መፈታቱን ይገልጻል፤ ከታችም የመዝገብ ቤቱ ደምሌ አለሙ የተረከበውን ንብረት ያለ ፈቃድ ከክፍሉ በማውጣቱ ለወደፊቱ እንዲጠነቀቅ ያሳስባል። ሰርካለም ሥራው የጋሼ ደምሌ ነው ለማለት ሁለት ጊዜ ቢሮዎ እንደገባች፣ እርስዎም ትሕትናሽን ወደድኩት ብለው እንደመለሷት ሰምቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ስኖር ስሜ በሰሌዳ ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለባለቤቴ እስካሁን አላነበብኩላትም።

አሥራ ስድስት ቀን ገበሬ ማንገላታቴ ጥፋቴ ነው፤ ለዚያ ቅጣት ቢጽፉልኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ። እርስዎ ግን የቀጡኝ በአጠፋሁበት ቀን ሳይሆን በካስኩበት ቀን ነው። ዕጣውን አምጡ፣ ላፕቶፑን መልሱ አልልም፤ ዕጣ ዕጣ ነው፣ ልጅቷም ታውቅበታለች። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ስሜ ከማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ በአንዲት መሥመር ቢገባ፣ ባለቤቴ ፊት ይዤው የምገባው ነገር ይኖረኝ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ አውራ ጣትዎም ቶሎ ድኖ ለሚቀጥለው መሰኪያ እንዲደርስልዎ እየተመኘሁ፣ በትሕትና፣ በአክብሮትና ደብቄ በማላውቀው ቅናት ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የባለ ሰባት አፉ ሀብ ሕጋዊ ተረካቢ
ደምሌ አለሙ
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘነበች፣ ከቻርጀሩ ጋር እንዲያያዝ
ለጋሽ ማሩ፣ በቦርሳው ውስጥ እንዲቀመጥ
ለመዝገብ ቤት፣ ደርሶኛል

ማስታወሻ፦ የስንዴ ዘር ዝርዝር ቅዳሜ ዕለት በሦስት ቅጂ ታትሞ አልቋል፤ ከእንግዲህ በእኔ ምክንያት አንድም ገበሬ አይጉላላም። ይህችን ደብዳቤ ያተመችልኝ ሰርካለም ናት፤ ሁለት ቦታ ፊደል አርማልኛለች፤ ቀናሁባት። ከዚህች ደብዳቤ በኋላ ኦቲጂዋን ነቅዬ ኪሴ ከትቻታለሁ፤ ሞዴል 22 ያልተቆረጠባት የግል ንብረቴ ናትና። ረቡዕ ለሚመጡት የዞን እንግዶች የሚያነቡት ባለ አሥራ ሁለት ገጽ የአመራር ሪፖርትዎ ገና እንዳልታተመ ሰማሁ። ኦቲጂዋንም በዕጣ እናውጣት ካሉ የጋሽ ማሩ ኮፍያ ባዶ ነው። በዚህኛው ዕጣ ግን መጀመሪያ የያዝኩትን አልመልስም።